በአምስቱ ዓመት ወረራና ስደት ላይ የፍቅር ልቦለድ እንዴት ይጻፋል? ዝርዝር መመሪያ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ላይ የፍቅር ልቦለድ የሚጀምሩ ጸሐፊዎች አብዛኞቹ የሚሰናከሉት በአንድ ቦታ ነው። ፍቅሩን አስቀድመው ይጽፉና ጦርነቱን ከኋላው እንደ መጋረጃ ይሰቅሉታል። የሚወጣውም በየትኛውም ዘመን ሊሆን የሚችል የሁለት ወጣቶች ታሪክ ነው፤ አልፎ አልፎ አውሮፕላን ያልፍበታል እንጂ ጦርነቱ የሚለውጠው ነገር የለም።

ይህ መመሪያ ሥራውን በተቃራኒው ያስኬዳል። መጀመሪያ መንገዱ፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ ከዚያ ሰዎቹ፤ ፍቅሩ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ከሰዎቹ የጀመረ ጸሐፊ መጽሐፉ እኩሌታ ላይ ሲደርስ አንዱ ጎሬ፣ ሌላዋ ደሴ ቀርተውበት፣ ለማገናኘት ተአምር ሲፈልግ ይገኛል።

## ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጅ

ካርታ። ሰፊ ወረቀት ላይ ወንዞችን፣ የባቡሩን ሐዲድና የጠረፍ ከተሞችን ብቻ ሳሉ። ዛሬ ያለውን አስፋልት አታስገቡ።

የቀን መቁጠሪያ። የስድስቱን ዓመታት ወሮች በየገጹ ዘርዝሩ። የአጽዋማቱንና የፋሲካውን ቀን በባሕረ ሐሳብ አስቆጥሩ፤ ራሳችሁ ካልቻላችሁ የሚያውቅ ካህን ጠይቁ። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ምክንያቱን ታያላችሁ።

ንባብ። ከወረራው በፊት ላለው ኑሮ የብርሃንና ሰላም ጋዜጣን የቆዩ እትሞች አገላብጡ፤ ከዜናው ይልቅ ማስታወቂያው ይጠቅማችኋል። በወረራው ጊዜ ጣሊያኖች በአማርኛ ያሳትሙት የነበረው የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ ደግሞ ገዢው ራሱን እንዴት ያስተዋውቅ እንደነበር ያሳያል። የሐሰት ስብከት መሆኑን ሳትረሱ አንብቡት። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያ መዳረሻዎቻችሁ ይሁኑ። የጣሊያን ፎቶግራፎችን ስታዩ መሐል ላይ የቆመውን መኮንን ተዉትና ጠርዙን ተመልከቱ፤ ባዶ እግሩን የቆመው ሕፃን፣ የጣሪያው ክዳን፣ የበቅሎው ጭነት ለእናንተ የሚበጁት እነሱ ናቸው።

ቃለ ምልልስ። በ1928 ዓ.ም. አሥር ዓመት የነበረ ሰው ዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ የምታነጋግሩት በአብዛኛው ልጆቻቸውን ነው። "ምን ተሰማቸው?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ "መከራ ነበር" ነው። "ሲሸሹ ምን ይዘው ወጡ? ማን ተሸከመው? የት ጣሉት?" ብላችሁ ጠይቁ። የሰማችሁትን ታሪክ ከእውነተኛ ስምና መንደር ጋር አታስገቡ፤ ቤተሰብ የሚያለያይ ምሥጢር ልቦለድ ውስጥ ሲገኝ ጸሐፊው ይቅርታ ቢጠይቅም አይመለስም።

## ደረጃ 1፦ የስደቱን መንገድ ምረጡ

"ተሰደዱ" ብሎ ማለፍ አይቻልም። በዚያ ዘመን ስደት ብዙ ዓይነት ነበር፤ እያንዳንዱም ሌላ ዓይነት ፍቅር ይወልዳል።

1. የጅቡቲ መንገድ። ባቡር ነው። ገንዘብ፣ ስም ወይም ዘመድ ላለው ሰው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የወጡት በዚሁ ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ ወዲያ ብዙዎች የተጠጉት የኢትዮጵያ ገዳማት ወዳሉበት ወደ ኢየሩሳሌም ነበር። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ደብዳቤ መላክ ይችላል፤ ከደብዳቤው ጋር ግን "እኔ ወጣሁ፣ አንቺ ቀረሽ" የሚል ጸጸት ይከተለዋል።

2. የጎሬ መንገድ። ዋና ከተማዋ ከተያዘች በኋላ የመንግሥቱ ቅሪት ወደ ምዕራቧ ከተማ ወደ ጎሬ ዞረ። ከጎሬ በጋምቤላ በኩል የባሮን ወንዝ ይዞ ወደ ሱዳን መውጣት ይቻላል። የእንፋሎት ጀልባ የሚሠራው ግን ወንዙ ሲሞላ፣ በክረምት ነው። ጥር ላይ ጀልባ የሚሳፈር ባለታሪክ ካላችሁ ከአሁኑ አውርዱት።

3. የደቡብ መንገድ። ወደ ኬንያ ነው፤ የኢሲዮሎ፣ ኋላም የታቬታ የስደተኞች ካምፕ። ከተሸነፈው ጦር የተረፉ ወታደሮች፣ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ከጣሊያን ጦር ከድተው የወጡ ኤርትራውያን አስካሪዎች በአንድ አጥር ውስጥ ኖረዋል። በሰላሙ ጊዜ ደጅ ለደጅ እንኳን የማይተያዩ ሰዎች በአንድ ድስት ይበላሉ። ከአምስቱ ይህ በጣም የበለጸገው ይመስለኛል፤ የጻፉበትም ጥቂቶች ናቸው።

4. የዱር መንገድ። ከአገር ሳይወጡ መሰደድ ነው። መንደሩ የተቃጠለበት፣ አርበኛ ባሏን ተከትላ የወጣች፣ ዋሻና ገዳም የተጠጋች። በዚህ መንገድ ሴቲቱን ቤት አስቀምጣችሁ እንዳታስለቅሷት። በኢትዮጵያ ጦር ውስጥ ሴቶች ስንቅ ይዘው፣ እየፈጩና እየጋገሩ አብረው ይዘምቱ ነበር፤ መሣሪያ ያነሡም ነበሩ።

5. የግዞት መንገድ። በተለይ ከየካቲት 1929 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ሰው ታፍሷል፤ ወደ ጣሊያኗ የአዚናራ ደሴት፣ ቀይ ባሕር ላይ ወዳለችው ኖኩራ፣ ሞቃዲሾ አቅራቢያ ወዳለው ዳናኔ። ሸዋረገድ ገድሌና ስንዱ ገብሩ በአዚናራ ከታሰሩት መካከል ናቸው። ይህን የመረጠ ጸሐፊ ከዝምታ ጋር ይሠራል፤ ከእስረኛው ወሬ አይመጣም።

ለሁለቱ ሰዎቻችሁ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ስጡ። ሦስተኛ አትጨምሩ፤ አምስቱንም በአንድ መጽሐፍ ለመንካት የሞከረ ረቂቅ የታሪክ ማስተማሪያ ሆኖ ያርፋል።

ይህ ደረጃ ሲበላሽ፦ ሁለቱ አንድ መንገድ ይዘው እስከ መጨረሻው አብረው ከተጓዙ ልቦለዱ የጉዞ ታሪክ ሆነ ማለት ነው። መንገዱን ሳትለውጡ ጠረፍ ላይ አለያዩዋቸው። አንዱ ይለፍ ተብሎ ሌላዋ ትመለስ፤ ወይም እርሱ ቁስለኛ ሆኖ ይቅር፣ እርሷ ሕፃን ይዛ ትሻገር።

## ደረጃ 2፦ ቀኑን በመንገዱ ላይ ቸንክሩ

መጀመሪያ የማይነቃነቁትን ቀኖች በመቁጠሪያው ላይ አስፍሩ፦

- መስከረም 22 ቀን 1928፦ ጣሊያን መረብን ተሻገረ፤ አዲስ አበባ ላይ የክተት ነጋሪት ተጎሰመ
- ኅዳር 26 ቀን 1928፦ ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች
- መጋቢት 22 ቀን 1928፦ ማይጨው
- ሚያዝያ 27 ቀን 1928፦ ጠላት አዲስ አበባ ገባ
- ሐምሌ 22 ቀን 1928፦ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተገደሉ
- የካቲት 12 ቀን 1929፦ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ፤ ሦስት ቀን የዘለቀ ጭፍጨፋ ተከተለ
- ግንቦት 1929፦ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ
- ጥር 12 ቀን 1933፦ ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን ጠረፍ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ
- ሚያዝያ 27 ቀን 1933፦ አዲስ አበባ ተመለሱ

ከዚያ የእናንተን ሰዎች በእግር አስኪዱ። ሕፃንና ጭነት ይዞ የሚጓዝ ቤተሰብ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ከገፋ ጥሩ ሄዷል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ማንም ሳይታመም፣ ወንዝ ሳይሞላ፣ ሽፍታ ሳያግድ 20 ቀን ይፈጃል። በዚህ ስሌት ከማይጨው የተረፈ እግረኛ ዘማች ደሴን አልፎ፣ ሚያዝያ 24 ቀን የሚነሣውን ባቡር ለመያዝ የሚተርፈው ቀን የለም ማለት ይቻላል። ያ ጥበት ነው ልቦለዳችሁን የሚያስኬደው። ሁለት ቀን መዘግየት አምስት ዓመት ሲያስከፍል አንባቢው ራሱ ቀን ይቆጥራል።

የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ። የውጭ ምንጮች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሁልጊዜ ስምንት የሚቀንስ ሰው ይሳሳታል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወር የመጨረሻ ሳምንታት ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው። ወረራው በእነርሱ በ1935 ጀመረ፣ አዲስ አበባ በ1936 ተያዘች፤ በእኛ ሁለቱም 1928 ናቸው። ክረምት፣ መስቀልና ገና የተምታቱባቸው ረቂቆች አብዛኞቹ የተበላሹት እዚህ ነው።

የጾም ወጥመድ። በ1928 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 4 ነው። ስለዚህ የማይጨው ጦርነት የተደረገው በዓቢይ ጾም ውስጥ ነው። በዘመቻው ዋዜማ ዳስ ጥላችሁ፣ በሬ አርዳችሁ ሁለቱን ልትድሩ አስባችሁ ከሆነ ሠርጉን ወደ ጥር አምጡት። የካቲት 12 ቀን 1929 ደግሞ ዓርብ ነበር፤ የዚያን ዕለት ምሳ ላይ ዶሮ ወጥ የሚበላ ክርስቲያን ባለታሪክ ካለ አንባቢ ይይዛችኋል። ወሩ በገባ በ12 የሚካኤል ዕለት መሆኑን ግን ተጠቀሙበት፤ ጀግናችሁ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ ቤተ መንግሥቱ ምጽዋት ይሰጣል ሲባል ብትሰማ፣ ወደዚያ የምትሄድበት ምክንያት ተገኘ።

ሲበላሽ፦ ሁለቱ በታቀደው ቀን በታቀደው ቦታ መድረስ ካቃታቸው ቀኑን አትግፉት፣ ታሪካዊ ቀን አይገፋም። ወይ ከአንድ ወር በፊት አስነሡዋቸው፣ ወይ በቅሎ ስጧቸው፣ ወይ ሳይደርሱ ይቅሩ። ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ የተሻለው ነው።

## ደረጃ 3፦ ሰዎቹን በጋብቻ ሕጋቸው ሥሯቸው

ዛሬ የምናውቀውን "መተዋወቅ" ወደዚያ ዘመን አትውሰዱ። ስለ እያንዳንዱ ሰው እነዚህን መልሱ፦

1. ያገባ ነው? በቁርባን ከሆነ መፍታት የለም። በሰማንያ ከሆነ በሽማግሌ ፊት ንብረት ተካፍሎ መለያየት አለ። የደሞዝ ጋብቻም ነበር፤ ሴቲቱ ደሞዝ ተቆርጦላት አብራ የምትኖርበት። አንዲት በደሞዝ የገባች ሴት ወንዱ ሲዘምት ምን መብት አላት? አንድ ልቦለድ ሙሉ ከዚህ ጥያቄ ብቻ ይወጣል።
2. ዝምድና ተቆጥሯል? እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ባለበት አካባቢ ሽማግሌ ተልኮ "ዘር ይነካካል" ተብሎ የተመለሰ ጥያቄ ከማንኛውም ክፉ አባት ይልቅ ያሳምናል።
3. ማን ነው ማንን "አንቱ" የሚለው? ገባርና የባላባት ልጅ ከተዋደዱ በመጀመሪያው ምዕራፍ እርሱ "እመቤቴ" ይላታል። በካምፑ ውስጥ "አንቺ" የሚልበት ቀን የመጽሐፉ ታላቅ ክንውን ነው፤ በዘፈቀደ አታባክኑት።
4. ማንበብ ማን ይችላል? አብዛኛው ሰው አይችልም። ፊደል የቆጠረው በአብዛኛው ቤተ ክህነት ያደገው ነው።
5. ሲሸሹ የሚይዙት አንድ ዕቃ ምንድን ነው? የሚበላ፣ የሚሸጥ ወይም የሚለበስ ይሁን። የአንገት ሐብል በሁሉም ረቂቅ ውስጥ አለና ሌላ ፈልጉ፤ የመጅ ድንጋይ፣ የዳዊት መጽሐፍ፣ አንድ ውጅግራ።

ሲበላሽ፦ ሴቲቱ የምትወስነው ነገር ከሌለ አንባቢ ይሰለቻል። ስንቅ ማከፋፈል፣ መደበቂያ መምረጥ፣ መልእክት ማቀበል ስጧት። የውስጥ አርበኞች መረብ ውስጥ ሴቶች ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ያቀብሉ ነበር። ይህ ከፍቅሩ ጋር ሲጋጭ፣ ማለትም ለእርሱም ሳትናገር የያዘችው ምሥጢር ሲኖር፣ ምዕራፉ ራሱ ይጻፋል።

## ደረጃ 4፦ የመለያያውን ትዕይንት ጻፉ

ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩ፤ ከመለያያው ጀምሩ። ይህ ካልያዘ የቀረው አይይዝም።

ለጀማሪ የማዘው ከሚያዝያ 24 እስከ 27 ቀን 1928 ያሉትን የአዲስ አበባ ቀኖች ነው። መንግሥት ወጥቷል፣ ጠላት አልገባም። ሱቅ ይዘረፋል፣ ቤት ይቃጠላል፣ የውጭ አገር ሰዎች ኤምባሲ ለኤምባሲ ተጠግተዋል። በዚያ ጊዜ ሰው ከሰው የሚለያየው በጥይት ብቻ አይደለም፤ "እዚሁ ጠብቂኝ" ባለው ሰው ላይ መንገድ ስለተዘጋበትም ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. አንድ ትንሽ ሥራ ስጧቸው። ጭነት ማሰር፣ እናትን ከጎረቤት ማምጣት፣ በቅሎ መፈለግ።
2. ሥራውን ለሁለት አካፍሏቸው፤ ለአንድ ሰዓት ብቻ ይለያዩ።
3. ሁለቱም ልክ የሆነ ነገር ግን የማይገናኝ ውሳኔ ይወስኑ። እርሱ ጭስ አይቶ በላይኛው መንገድ ይዞራል፤ እርሷ ዘግይቷል ብላ በታችኛው ትወጣለች።
4. ትዕይንቱን የመጨረሻ መሆኑን ሳያውቁ ዝጉት።

የመሰነባበቻ ንግግር አትጻፉ። ሁለት ገጽ የሚናገር ሰው ባቡሩ ያመለጠው በገዛ እጁ ነው።

ሲበላሽ፦ ትዕይንቱ የአጋጣሚ ሽታ ካለው፣ ማለትም "ምናለ አንድ ደቂቃ ብትቆይ" የሚያሰኝ ከሆነ፣ የውሳኔዋን ምክንያት ከሃምሳ ገጽ በፊት ትከሉ። ባለፈው ጊዜ ጠብቃው ያልመጣ ሰው አለ፤ ስለዚህ አሁን አትጠብቅም።

## ደረጃ 5፦ የመለያየቱን ዓመታት አቆዩ

ብዙ ረቂቅ የሚሞተው እዚህ ነው። ሁለቱ ተለያይተዋል፣ ጸሐፊው ግን ምን እንደሚያደርጋቸው አያውቅም፤ ስለዚህ ያስናፍቃቸዋል። ናፍቆት ብቻውን ሦስት ምዕራፍ አይሸከምም።

ሠንጠረዥ ሥሩ። በአንድ በኩል "እርሱ ስለ እርሷ የሚያውቀው"፣ በሌላው "እርሷ ስለ እርሱ የምታውቀው"፣ ከላይ ወሮች። በየወሩ ቢያንስ ከአንዱ ሳጥን ውስጥ ስሕተት የሆነ ነገር ይኑር። ልቦለዱን የሚገፋው ያ ስሕተት ነው።

ወሬ የሚጓዘው በነጋዴ፣ በመነኩሴ፣ በለማኝ፣ በአዝማሪ፣ ከእስር በተፈታ ሰው ነው። ደብዳቤ ካለ ማን ጻፈው፣ ማን አነበበላት? በጸሐፊ እጅ የሚጻፍ ደብዳቤ "ይድረስ ለ" ብሎ ጤና ጠይቆ፣ ከብቱንና ጎረቤቱን ቆጥሮ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው፤ የጉዳዩም ግማሽ ጸሐፊው እንዳይሰማ ይደበቃል። ጠላት ደብዳቤ እንደሚከፍት ስለሚታወቅ ሰዎቻችሁ በዘወርዋራ ይጻፉ። "ቀይዋ ላም ወልዳለች" ማለት ልጅ ተወልዷል ማለት ከሆነ አንባቢው ከሁለት ምዕራፍ በፊት ላሚቱን አይቷት ይሁን።

ከሁሉም የሚበልጠው መሣሪያ ግን መርዶ ነው። የሐሰት መርዶ መጣ እንበል፤ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ተነገራት፣ ፀጉሯን ላጨች፣ አርባው ደርሶ ተዝካር ወጣ። ከዚያ በኋላ ሌላ ባል ብታገባ ማንም አይነቅፋትም፤ እንዲያውም ልጅ ለያዘች ሴት በዚያ ዘመን ጥበብ ነው። ሰውየው ግን ታቬታ ካምፕ ውስጥ በሕይወት አለ። ክፉ ሰው ሳያስፈልጋችሁ የመጽሐፉ ሁለተኛ አጋማሽ ተገኘ። ሁለተኛውን ባል መጥፎ አታድርጉት፤ ደግ ይሁን። ደግ ከሆነ ምርጫዋ ምርጫ ይሆናል።

ሲበላሽ፦ አንደኛው ወገን ከሌላው ይልቅ አሰልቺ ከሆነባችሁ ምዕራፎቹን እኩል ለማካፈል አትታገሉ። ደካማውን ወገን በወሬና በደብዳቤ ብቻ እንዲታይ አድርጉት።

## ደረጃ 6፦ በጠላትና በአገሬው መካከል ያለ ፍቅር

ጣሊያናዊ መኮንንና ኢትዮጵያዊት ሴት የሚለው ሐሳብ ሁሉንም ጸሐፊ ይፈትናል። ከመጀመራችሁ በፊት ሕጉን እወቁ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው የፋሺስት ሕግ ጣሊያናዊ ዜጋ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩን ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣ ነበር። በ1932 የወጣው ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው የወለደውን ልጅ በሕግ እንዳይቀበል ከለከለ። ሕጉ የሚቀጣው "ፍቅሩን" ነበር እንጂ ሴቲቱን መጠቀሚያ ማድረጉን አልነበረም።

ስለዚህ ሁለት ማስጠንቀቂያ፦

- ጠመንጃ ይዞ ቤቷ የገባ ሰው ያቀረበላትን ነገር "ፍቅር" ብላችሁ አትጥሩ። እምቢ ብትል ምን ይደርስባታል? መልሱ ግልጽ ካልሆነ ትዕይንቱን አትጻፉ።
- ለስላሳ ልብ ያለው፣ ሙዚቃ የሚጫወት፣ "እኔ እንደ ሌሎቹ አይደለሁም" የሚል ጣሊያን ተደጋግሞ አልቋል። ካስገባችሁት ደግነቱ አንድ ነገር ያስከፍለው፤ ያላስከፈለ ደግነት የደራሲው ማስዋቢያ ነው።

ባንዳም እንዲሁ። ሆዳም፣ ሰካራም፣ ሳቂ ባንዳ መጻፍ ቀላል ነው። መሬቱን የነጠቀው ባላባት አርበኛ ስለሆነበት ባንዳ የገባ ገበሬ ግን ለሴቲቱ ወንድም ቢሆን፣ እርሷ ማታ ማታ የምታበስለው ለማን ነው? ይህ ጥያቄ ከፍቅሩ ጋር ይጋጭላችሁ።

## ደረጃ 7፦ ጭካኔውን በልኩ ጻፉ

የመርዝ ጋዝ ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ ተረጭቷል። ረቂቆች ላይ የማየው ስሕተት ወታደሩ ጋዙ እንደነካው ወዲያው ሲወድቅ ነው። የሰናፍጭ ጋዝ እንደዚያ አይሠራም። መጀመሪያ ትንሽ እርጥበትና ሽታ ነው፤ ቃጠሎውና የዓይኑ መታወር ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። ባዶ እግሩን የሚሄድ ጦር ሣሩን ረግጦ ያልፋል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ማታ ላይ እግሩ ይላጣል። ለልቦለድ ያ የሰዓታት ልዩነት አስፈሪ ነው፦ ሰውየው ተርፌያለሁ ብሎ መልእክት ልኮ ሊሆን ይችላል።

የካቲት 12ን ሁለቱን ለማገናኛ ምክንያት አታድርጉት። በየመንገዱ ሬሳ በተኛበት ሦስት ቀን ውስጥ ተቃቅፈው የሚገናኙ ፍቅረኞች ሙታኑን ዕቃ ያደርጋሉ። ያን ቀን ለማለያየት፣ ለማሳፈስ፣ ለመደበቅ ተጠቀሙበት። ዓይናችሁ አንድ ቤት ውስጥ ይሁን፤ ከተማውን ሁሉ ለማሳየት አትሩጡ። ምዕራፉን ካበቃችሁ በኋላ የፍቅር ትዕይንት አታስከትሉ፤ የሥራ ትዕይንት አስከትሉ፣ ውኃ መቅዳት፣ ቀብር፣ ልጅ መቁጠር።

## ደረጃ 8፦ ዕቃውንና አነጋገሩን ፈትሹ

ይህን ፈጥናችሁ አድርጉት፣ ግን አድርጉት።

- የሰፈር ስም። ፒያሳ፣ ካዛንቺስና ፖፖላሬ ጣሊያን ያመጣቸው ስሞች ናቸው። ከ1928 በፊት ያለ ሰው ፒያሳን አራዳ ይበል። ገበያውም በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ዛሬ መርካቶ ወዳለበት የተወሰደው በወረራው ጊዜ ነው።
- ገንዘብ። ማርትሬዛ ብር ነው። ጣሊያን ሊሬ ቢያመጣም ሰው ወረቀቱን አያምነውም ነበር። መቶ ብር ኪሱ ውስጥ ከትቶ የሚሮጥ ጀግና ካላችሁ ክብደቱን አስቡ፦ አንዱ ማርትሬዛ 28 ግራም ነው፣ መቶው ወደ ሦስት ኪሎ ይጠጋል።
- ስንቅ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጭኮ። በሦስተኛው ሳምንት ትኩስ እንጀራ የሚበላ ስደተኛ ማን እንደጋገረለት አሳዩ።
- መሣሪያ። ውጅግራና ምንሽር አንድ አይደሉም፤ ጥይታቸውም አይገጥምም። ጥይት መጋራት ያለበት ትዕይንት ካላችሁ ይህን አስተካክሉ።
- ንግግር። ዛሬ ከስልክና ከቢሮ የወጡ አባባሎችን አስወግዱ። ግን ደግሞ ሁሉም ሰው በምሳሌያዊ አነጋገር አይናገር፤ በአንድ ገጽ ሁለት ተረትና ምሳሌ ካለ አንዱን ሰርዙ። ፉከራና እንጉርጉሮ ካስገባችሁ ግጥሙን ራሳችሁ ግጠሙት።

## ደረጃ 9፦ መገናኛውን አስሉ

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ሁሉም ሰው ነፃ አልወጣም። ጎንደር ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ነው፤ ስለዚህ የጎንደር ሰው በግንቦት 1933 ሰላም ነው ብሎ ቤቱ አይመለስም። የጦር መሪው ራስ እምሩ ከጣሊያን እስር የወጡት አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ባለታሪካችሁ እስከ መጨረሻው በጣሊያን ምድር ታስሮ ከቆየ በድሉ ሰልፍ ላይ ሊገኝ አይችልም። ከኬንያ የሚመለሰውም የእንግሊዝ ጦር የሚመጣበትን መንገድ መጠበቅ አለበት።

ስለዚህ ከሚከተሉት አንዱን ምረጡ፦ ይገናኛሉ ግን አንዱ ተዝካሩ የወጣለት ነው፤ ይገናኛሉ ግን አብሮ መኖር በካምፑ ቀርቷል፣ አገር ሲገቡ ገባርና እመቤት ይሆናሉ፤ አይገናኙም፣ ዕቃው ብቻ ይደርሳል። ሁለተኛውን አደላለሁ። ስደት ያስተካከለውን ሰው አገር ሲመልሰው የሚጎዳው ጉዳት ከጦርነቱ ይበልጥ ያማል፤ ጦርነት ካለቀ በኋላም የሚጻፍ ነገር ይሰጣችኋል።

ሲበላሽ፦ መጨረሻው ካልመጣላችሁ ወደ ደረጃ 5 ሠንጠረዥ ተመለሱ። ያልታረመ አንድ ስሕተት እዚያ አለ፤ መጨረሻው የዚያ ስሕተት መታረም ነው።

## ደረጃ 10፦ ማረሚያ

በሦስት ዙር አንብቡ፤ በአንድ ዙር ሁሉንም ለመያዝ የሞከረ ምንም አይይዝም።

1. የቀን ዙር። ቀለም ይዛችሁ ቀን፣ ወር፣ ጾም፣ ዝናብና ርቀት የተጠቀሰበትን ሁሉ አስምሩ፣ ከመቁጠሪያው ጋር አስተያዩ። ስሕተት ካገኛችሁ መጀመሪያ መቁጠሪያውን አርሙ፣ ከዚያ ጽሑፉን፤ በተቃራኒው ካደረጋችሁት አንዱን አርማችሁ ሦስት ታበላሻላችሁ።
2. የመንቀል ዙር። ጦርነቱን ከአንድ ምዕራፍ ውስጥ በሐሳብ ንቀሉ። ፍቅሩ ሳይነካ ከቆመ ምዕራፉን ሰርዙ ወይም እንደገና ጻፉ።
3. የጆሮ ዙር። ንግግሮቹን ብቻ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ከተቻለ ገጠር ያደጉ አዛውንት ባሉበት። "እንዲህ አይባልም" ሲሉ አትከራከሩ፤ "ታዲያ እንዴት ይባላል?" ብላችሁ ጠይቁና የሰጧችሁን እንደወረደ ጻፉ።

ከሦስቱ ዙር በኋላ ረቂቁን ታሪክ ለሚያውቅ አንድ ሰውና ልቦለድ ብቻ ለሚያነብ አንድ ሰው ስጡ። ታሪክ አዋቂው ስለ ፍቅሩ የሚሰጣችሁን፣ ልቦለድ አንባቢው ስለ ቀኑ የሚሰጣችሁን አስተያየት ተዉት። ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ "እዚህ ጋ ዘለልኩ" ካሉ ግን ያን ገጽ ሳታነቡ አውጡት።